ለገምጋሚዋ ያጸዳነው ቤት

ወንድሜን ኔቪልን ስለ መንግሥት ጠይቁት፤ ምሳችሁንም ራታችሁንም በልታችሁ ትሄዳላችሁ እንጂ እሱ አይጨርስም። ስለ ለንደን ይነግራችኋል፣ ስለ ብራስልስ ይነግራችኋል፣ ስለ ዓሣ ኮታው፣ ስለ ቀረጡ፣ ከተማችንን ግሪምስቢን ካርታ ላይ ፈልጉ ቢባሉ ጣታቸው የት እንደሚያርፍ ስለማይታወቅ ሚኒስትሮች ይነግራችኋል። ስለ ወገቡ ጠይቁት፤ «ደህና ነው፣ ምንም አይል» ይላችኋል። በቃ፣ ወሬው እዚያው ላይ ያልቃል።

እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፣ ብሬንዳ እባላለሁ። ከሱ ሁለት በር አለፍ ብዬ ነው የምኖረው። ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ አብስያለሁ፤ ሰኞ ሰኞ ልጆቹ ሳህናቸውን እንዴት እንደሚጠርጉት አይቼ ቅዳሜና እሑድ ቤታቸው ውስጥ ምን እንደነበረ አውቃለሁ። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ስለሚነግራችሁ እኔው ቀድሜ ልናገረው።

ኔቪል በአሥራ ስድስት ዓመቱ ዓሣ ሊያጠምድ ባሕር ሲወጣ አይስላንዶች ዓሣ የምናመጣበትን ውኃቸውን ዘግተውብን ነበር። አባታችን ዕድሜ ልኩን የሠራውን ሥራ እሱ ሁለት ዓመት ብቻ ሠራው። መርከቦቹ አንድ በአንድ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጡ፤ እሱም ወደብ ላይ ካሉት የዓሣ ማዘጋጃ ቤቶች አንዱ ገብቶ ዓሣ ቆራጭ ሆነ። ሥራው የዓሣውን ሥጋ ከአጥንቱ መለየት ነው፤ በረዶ ውስጥ እጅህን ነክረህ፣ ቆመህ፣ ከንጋት ጀምሮ። በፍጥነቱ የሚደርስበት አልነበረም። ሌሎቹ ሃዶክ የሚባለውን አንድ ዓሣ ሲጨርሱ እሱ ሦስተኛው ላይ ነው። በአርባ ሁለት ዓመቱ የጣቶቹ መገጣጠሚያ ማበጥ ጀመረ። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ሙሉ፣ ልብ በሉ አሥር ዓመት፣ በዕረፍት ሰዓት እጁን ኪሱ ውስጥ እየከተተ ማንም ሳያውቅበት ሠራ። አንድ ቀን ቢላዋው ከእጁ ወድቆ የአለቃው ጫማ አጠገብ ሲያርፍ ነው ነገሩ የታወቀው። ያኔ ዳሌውም ጉልበቱም አልቆ ነበር።

ያገባት ጆይን ነው። የዓሣ ገበያው ሻይ ቤት ትሠራ ነበር፤ ስትስቅ ከመንገድ ማዶ ትሰማለች። ልጅ አልወለዱም። የዛሬ ስድስት ዓመት ጆይ ነገር መርሳት ጀመረች፤ መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ መንገድ፣ ቀጥሎ እኔን። ኔቪል በእነዚያ እጆቹ ሊያስታምማት ሦስት ዓመት ታገለ። በመጨረሻ አሥራ ሦስት ማይል ርቆ ያለ መንደር ውስጥ፣ የአዛውንት መጦሪያ ቤት ቦታ ተገኘላትና ገባች። እዚያ ገብታ መብላት እምቢ አለች። ሠራተኞቹ ማንኪያውን ሲያቀርቡላት አፏን ግጥም፤ ኔቪል ሲመጣ ግን ትከፍታለች። ማን እንደሆነ አታውቅም፣ ስሙን አትጠራም፤ ግን እሱ ሲያጎርሳት ትበላለች። ስለዚህ በየቀኑ፣ ገናም ሆነ ፋሲካ፣ በስድስት ሰዓት ተኩል እዚያ ይገኛል። ማንኪያው እንዳያመልጠው እጀታው ወፍራም ጎማ የተደረገበት ነው።

የሚሄደው በመኪና ነው። ለአካል ጉዳተኛ ከሚሰጠው ድጎማ ጋር የምትመጣ መኪና አለች፤ ነዳጁንም ፍሬኑንም በእጅ እንዲነዳው ተደርጋ የተሠራች። ድጎማው ሲቀር መኪናዋም ትሄዳለች፤ ሕጉ እንዲያ ነው። አውቶቡስማ ነበረ፤ ቀጥታ የሚወስደውን መስመር ሰው የለውም ብለው ዘጉት። እንግዲህ የኔቪል ኑሮ በአጭሩ ይኸው ነው፤ መኪናዋ ካለች ጆይ ትበላለች።

እኔና እሱ የምንጣላው መቀመጫው ብራስልስ በሆነው በአውሮፓ ኅብረት ነው። እንውጣ ወይስ እንቆይ ተብሎ ሕዝቡ ሲጠየቅ እሱ እንውጣ ብሎ መረጠ፣ እኔ እንቆይ ብዬ መረጥኩ፤ ከዚያ ወዲህ እሑድ ምሳ በሰላም ተበልቶ አያውቅም።

«ባሕርህን የወሰደው አይስላንድ ነው፣ ብራስልስ አይደለም» እለዋለሁ ድንቹን እያቀረብኩ።

«የቀረውን ማን ወሰደው?»

«ይኸው ወጣን። ዓሣው የታለ?»

«አወጣጡን አበላሹት እንጂ!»

«ታዲያ ማን እንዲያወጣህ ነበር የጠበቅከው? እነሱን እኮ ነው የመረጥከው።»

«እነሱን አልመረጥኩም፣ መውጣቱን ነው የመረጥኩት። አንቺ ሴት፣ መረቁን ወዲህ በይ።»

ዓሣው ዛሬም በጭነት መኪና ተጭኖ ከሰው አገር ነው የሚመጣልን፤ ይቆርጡልን ከነበሩት የምሥራቅ አውሮፓ ሰዎችም ግማሾቹ አገራቸው ገብተዋል። ይህን ስነግረው «የነሱንም ደሞዝ ዝቅ አድርገው የያዙት እነዚያው አለቆች አይደሉም?» ይለኛል። እዚህ ላይ እውነቱን ስለሆነ ደሜ ይፈላል። ሁለታችንም በንዴት ነው የምንኖረው፤ እኔ በሱ ምርጫ፣ እሱ በመረጣቸው ሰዎች፣ ሁለታችንም ከድሃው ላይ ሲቀንሱ ብቻ እጃቸው በሚፈጥን ባለሥልጣናት። በዚያ ላይ እሱ ራሱ ካፖርቱን ለብሶ ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ እየተቀመጠ፣ ለችግረኞች ምግብ ወደሚታደልበት የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በየሳምንቱ ሁለት ቆርቆሮ ባቄላ ይዞ ይሄዳል። «አንተ ነህ መቀበል ያለብህ» ስለው ሰማሁሽ አላለኝም።

ከድጎማ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ በመስከረም መጣ። ሁኔታዎ እንደ አዲስ ይገመገማል፣ ማክሰኞ በአራት ሰዓት ገምጋሚ ቤትዎ ድረስ ይመጣል ይላል።

እናታችን ሐኪም ይመጣል ሲባል ትኩሳቱን ይዛ ተነሥታ የደጁን ደረጃ የምታጥብ ሴት ነበረች። እኛም የሷው ልጆች ነን። ቅዳሜ ጠዋት ባልዲዬን ይዤ ኔቪል ቤት ገባሁና እስከ ሰኞ አልወጣሁም። መስኮቱን ወለወልኩ፣ ምንጣፉን አራገፍኩ፣ የምድጃውን ጀርባ ሳይቀር ፈገፈግኩ። ከዚያ ዘወር ብዬ ሳሎኑን አየሁት። ቆሞ ደረጃ መውጣት ስለማይችል አልጋው ሳሎን ነው። አጠገቡ ሥሩ ባልዲ ያለው የመጸዳጃ ወንበር አለ። መስኮቱ ጋ ባለ አራት እግር መደገፊያው።

«ይኸ ሁሉ ለሰው ሊታይ ነው?» አልኩት።

«እኔም እሱን እያሰብኩ ነበር» አለ።

ጎረቤታችንን ጠርቼ አልጋውን ፈታተን ፎቅ አወጣነው። ወንበሩን፣ መደገፊያውን፣ ገላ ሲታጠብ የሚቀመጥበትን ጣውላ፣ እሱ ራሱ የሚበላበትን ወፍራም እጀታ ማንኪያ ሁሉ ጓሮ ያለው ማስቀመጫ ውስጥ ከትቼ በላዩ ሸራ አለበስኩት። ሁለት ቀን ሶፋ ላይ ተቀምጦ ተኛ። ወጥ ቤት ለመድረስ ግድግዳውን እየተደገፈ ነው። እንዲያውም ደስ ያለው ይመስል ነበር፣ ቤቱ ጆይ ባለችበት ጊዜ የነበረውን ቤት መሰለ።

ማክሰኞ ጠዋት ሄጄ ሸሚዙን ቆለፍኩለት፣ ክራቫቱን አሰርኩለት። ጢሙን ተላጭቷል፤ ሁለት ቦታ ቆርጦታል። የቀኑን የሕመም ማስታገሻ በሙሉ አንድ ላይ ውጦታል።

ገምጋሚዋ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ ሥርዓት ያላት ልጅ ናት። ክፉ ናት ብዬ ልዋሽ አልችልም። ጫማዬን ላውልቅ ወይ ብላ ጠየቀች። ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ ከፈተችና «እንዴት ነዎት ሚስተር ብላንቻርድ?» አለችው።

«ደህና ነኝ፣ ምን እላለሁ። ከየት ነው የመጡት የኔ እመቤት?»

«ከሊድስ።»

«ያን ሁሉ መንገድ? ሻይማ ሳይጠጡ።»

ብድግ አለ። እኔም ብድግ አልኩ፤ በዓይኑ አስቀመጠኝ። ሰውየው መደገፊያውን ሳይዝ ወጥ ቤት ገባ። ማንቆርቆሪያው ሲፈላ ሰማሁ፣ ኩባያ ሲቀመጥ ሰማሁ፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ። በመጨረሻ ትሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎን ለጎን እየረገጠ፣ የእናታችንን ኩባያዎችና የጋገርኩትን ኬክ ደርድሮ መጣ። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። እኔ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ኮራሁ። እስከ ዛሬ ቆሽቴን የሚያሳርረኝ ይኸ ነው፤ ቁጭ ብዬ ኮራሁ።

«ራስዎ ይለብሳሉ?» አለችው።

«እለብሳለሁ። ትንሽ ጊዜ ይወስድብኛል እንጂ።»

«ምን ያህል ይራመዳሉ?»

«የሚያስፈልገኝን ያህል።»

ከዚያ ወደኔ ዞረች፣ የምጨምረው ነገር ካለ ብላ። እኔ ደግሞ፣ አፌን ይዝጋው፣ «ሰነፍ አይደለም» አልኩ። «ወንድሜ አንድ ቀን እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ አያውቅም።» ልጅቷ ፈገግ ብላ ጻፈችው። ኬኩንም አመሰገነች።

እስከ መንገዱ ሸኝቻት፣ ቤቴ ገብቼ ልብሴን ቀይሬ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ኩባያ ላጥብ ተመለስኩ። ኔቪል ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጧል፣ ጀርባውን ለቁምሳጥኑ ሰጥቶ። መነሣት አቅቶታል። የሸሚዙን እጅጌ ሰብሰብ ሳደርገው ክንዱ ከእጁ አንጓ ጀምሮ ቀልቷል፤ ሻይ ሲቀዳ ነው ያቃጠለው፣ ያ ረጅም ዝምታ እሱ ነበር። «ትንሽ ቸኩዬ ነው» አለኝ። ያን ቀንና በማግሥቱ ጆይ ዘንድ መሄድ አልቻለም።

ውሳኔው በአምስተኛው ሳምንት መጣ። ቆሜ ነው ያነበብኩት። ሚስተር ብላንቻርድ ያለ ድጋፍ ከመቀመጫው ተነሥቷል። ሻይ አፍልቶ በትሪ አቅርቧል። ልብሱን በሥርዓት ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ ነበር። በቤቱ ውስጥ የአካል ጉዳት መሣሪያ አልታየም። ቤቱ ንጹሕና በሚገባ የተያዘ ነው። እያንዳንዷን መሥመር እኔ ነኝ የጻፍኩላቸው፤ በጨርቄና በሳሙናዬ። ድጎማው ተቋርጧል፣ መኪናው በስምንት ሳምንት ውስጥ ይመለሳል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጥ ተሳነኝ። ቁጭ እላለሁ፣ ብድግ እላለሁ። መጋረጃ ከፍቼ እዘጋለሁ። ሥራ ቦታ ድንቹን ሁለት ጊዜ ጨው ጨምሬበት ልጆቹ ውኃ ሲጠጡ ዋሉ። ስልክ ደወልኩ፤ ሃምሳ ደቂቃ ሙዚቃ አሰምተው ዘጉብኝ። እንደገና እንዲያዩት ጻፍን፤ እንደገና አይተው ያንኑ ቃል በሌላ ወረቀት ላኩ። ከተማ ውስጥ በነፃ የምታማክር ሴት አለች ሲሉኝ ሄጄ ነገሩን ሁሉ ዘረዘርኩላት፣ ሸራውን ሳይቀር። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር።

«ሁሉም ይደብቃል» አለችኝ። «ባለፈው ሳምንት አንዷ ለግምገማው ፀጉሯን ተሠርታ ጠበቀቻቸው። ይግባኝ በሉ። ደህና ቀኑን ሳይሆን ሕመሙ የሚብስበትን መጥፎ ቀኑን ይንገራቸው።»

መጥፎ ቀኑን የሚናገር ወንድም ማን ሰጥቶኝ።

«ይግባኝ አልልም» አለ ኔቪል። «ለማኝ አይደለሁም።»

«ለማኝ? ከልጅነትህ ጀምሮ ግብር ስትከፍል ኖረህ?»

«ከኔ የባሰ ሞልቷል።»

«የባሰበት ሰውዬ መጥቶ ጆይ ዘንድ ያደርስሃል?»

የይግባኙን ወረቀት ወደኔ ገፋው።

«መንግሥትን ስትሳደብ ጎረቤት ጆሮውን ይይዛል» አልኩት። «ፊት ለፊት ቀርበህ አንድ ቃል ተናገር ስትባል ግን ክራቫትህን ታስተካክላለህ። ሌላው ቢቀር ለሷ ብለህ ፈርም።»

ብዕሩን በጭብጡ ይዞ ፈረመ።

መኪናዋን ሊወስዱ የመጡት ኅዳር መጨረሻ ረቡዕ ቀን ነው። በዋዜማው ሲያጥባት ዋለ። ከወሰዷት ይውሰዷት እንጂ ቆሽሻ አላስረክባትም አለ፤ ስፖንጁ ከእጁ እየወደቀ፣ በእግሩ ወደሱ እየሳበ፣ የጎማዎቹን ብረት ሳይቀር አጠበ። እኔ ከመስኮቴ እያየሁ በንዴት መጋረጃውን ነክሼዋለሁ። የመጣው ሰውዬ «እንዲህ ንጹሕ ሆና የተመለሰች አይቼ አላውቅም» ሲለው ኔቪል አመሰገነው።

ከዚያ በኋላ አውቶቡስ ነው። ሁለት አውቶቡስ፣ ሁለተኛው በሁለት ሰዓት አንዴ የሚያልፍ፣ ከዚያ ሩብ ማይል በእግር። የመጀመሪያው ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ወጥቶ ሲደርስ ምሳው ተነሥቷል። በሁለተኛው ሳምንት ፌርማታ ላይ ወደቀ፤ «አዳለጠኝ» አለ፣ መሬቱ ግን ደረቅ ነበር። ከዚያ በየቀኑ የነበረው በሳምንት ሁለቴ ሆነ፣ በጥር ደግሞ እሑድ እሑድ ብቻ፣ በታክሲ፣ እኔ ይዤው። በመካከሉ ከመጦሪያ ቤቱ ይደወላል። ጆይ ዛሬም አልበላችም። ጆይ ቀሚሷ ሰፍቷታል። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እኔ ብድግ እላለሁ፤ ኔቪል ግን «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ይዘጋና ቴሌቪዥን ላይ ካለው ሚኒስትር ጋር ይጣላል።

ፀደይ መጣና አለፈ። የይግባኙ ቀጠሮ ግን አልመጣም። ምርጫም ደረሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔና እሱ ተስማማን፤ ሁሉም አንድ ናቸው፣ ማንንም አንመርጥም አልን። የምርጫው ቀን ሁለታችንም ሄደን መረጥን፣ ማንን እንደሆነ አልተጠያየቅንም። አዲሶቹም ወንበሩ ሳይሞቅላቸው ስለ ቁጠባ መስበክ ጀመሩ።

በመስከረም ይግባኝ ሰሚው ዘንድ ተጠራን። ከደብዳቤው ድፍን አንድ ዓመት። ተራ ቢሮ ነው፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ማዶ ሦስት ሰዎች፤ ዳኛዋ፣ አንድ ሽማግሌ ሐኪም፣ አንዲት በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠች ሴት። የሄድነው በባቡር ነው። ያን ጠዋት ግን ክራቫት አላሰርኩለትም፣ እምቢ አልኩት።

«ሚስተር ብላንቻርድ» አለች ዳኛዋ፣ «ዛሬ እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ። እናንተስ ደህና ናችሁ?»

በቁሙ ልገድለው ምን ቀረኝ። ብድግ አልኩ። አማካሪዋ ሲጠይቁሽ ብቻ ተናገሪ ብላኝ ነበር፣ እሷን ማን ያስታውሳል።

«ክብርት ዳኛ፣ ይኸን ሸሚዝ የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ሱሪውንም እኔ ነኝ። ያ ንጹሕ ቤት ተብሎ የተጻፈው የኔ ሥራ ነው፤ አልጋውን እኔ አስወጣሁት፣ መደገፊያውን እኔ ደበቅኩት፣ ለእንግዳ ነውር ነው ብዬ። ደረጃውን የሚወጣው በእጅና በእግሩ እየዳኸ ነው። እኔ የማላውቅ ይመስለዋል፣ በበሩ መስታወት አይቼዋለሁ። ወንበሩ ሥር ያለውን ባልዲ ጠዋት ጠዋት የምደፋው እኔ ነኝ...»

«ብሬንዳ፣ ይበቃል።»

«አይበቃም።»

«ይቀመጡ» አለች ዳኛዋ፣ በቁጣ አልነበረም። ኔቪል ጠረጴዛውን ያያል። ጆሮው እስኪቃጠል ቀልቷል። ይህን ሰው በሕይወቱ ማንም እንዲህ አላዋረደውም፤ ያዋረድኩት እኔ ነኝ፣ በሦስት ሰው ፊት፣ ለገዛ ጥቅሙ ብዬ።

ሽማግሌው ሐኪም ወረቀቱን ገለጠና ቀስ ብሎ ጠየቀው። «ሻዩን ለገምጋሚዋ ካቀረቡ፣ እሷም ከሄደች በኋላ ምን ሆነ?»

«ኩባያዎቹን ወጥ ቤት መለስኩ።»

«ከዚያስ?»

«ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«እህቴ እስክትመጣ።»

«ተቀምጠው ነው ወይስ መነሣት አቅቶዎት?»

ኔቪል እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አወጣቸው። ቀለበቱን ጣቱ ስላበጠ ካወለቀው ቆይቷል። ሐኪሙ አየ፣ ዳኛዋም አየች።

«ያምዎታል?» አለ ሐኪሙ።

«አዎ» አለ ወንድሜ። «ያመኛል።»

«ያን ቀን ብቻ?»

«ሁልጊዜ ነው የሚያመኝ። ዓሣ ስቆርጥም ያመኝ ነበር።» ድምፁ የኔቪል ድምፅ አልመሰለኝም። «ሚስቴን ላጎርስ ስሄድም ያው ያመኛል፤ እሷ ግን ታጽናናኛለች፤ ሌላ የምሄድበት የለኝም።»

ኮሪደር ላይ ሃያ ደቂቃ አስቀመጡንና መልሰው ጠሩን። ሁሉንም መለሱለት፣ ድጎማውንም መኪናውንም። ዳኛዋ ስትናገር እኔ አለቀስኩ፤ እሱ ተነሥቶ ሦስቱንም ጨበጣቸው፣ እጁ እያመመው።

ባቡር ላይ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀመጠ። ልንደርስ ስንል ብቻ «ባልዲውን ባትነግሪያቸው ምን ነበረበት?» አለኝ።

«ባልዲው ነው የረታው» አልኩት።

አልሳቀም። አልፈረድኩበትም።

አዲሷ መኪና ኅዳር ላይ ደረሰች። በመጀመሪያው ቀን አብሬው ሄድኩ። በሰዓቱ፣ በስድስት ተኩል በሩ ላይ ነን፤ ማንኪያውን በደረት ኪሱ ይዟል፣ እኔ ደግሞ ዓመት ሙሉ ያልሠራው ልቤ ሥራ የጀመረ መሰለኝ። ጆይ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። ከፊቷ ዴሲስላቫ የምትባል ቡልጋሪያዊት ሠራተኛ ሳህን ይዛ እያጎረሰቻት ነው። ጆይ ወፍራለች። ጉንጯ ሞልቷል። እሑድ እሑድ ታክሲው ከምሳ በኋላ ስለሚያደርሰን መሞላቷን ብናይም የሚያጎርሳትን አላየንም ነበር።

ልጅቷ ኔቪልን ስታይ ፈጥና ተነሣችለት። እሱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ማንኪያውን አውጥቶ ድንቹንና ዓሣውን ቀላቅሎ አቀረበላት። ጆይ ማንኪያውን አየች፣ ፊቱን አየች፣ አፏን ገጠመች። እንደገና አቀረበላት። ራሷን ወደ ዴሲስላቫ አዞረች። ሦስተኛ ጊዜ ሲያቀርብ በእጇ ገፋችው፣ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ።

«እኔ ልውጣ፣ እኔን እያየች ነው እንዲህ የምትሆነው» አለች ልጅቷ። ዓይኗ ውኃ ሞልቷል።

«ተቀመጪ የኔ ልጅ» አላት ኔቪል። «ምግቡ ይቀዘቅዛል።»

ወንበሩን ለቆላት ተነሣ። ጆይ አፏን ከፈተች።

መኪናው ውስጥ ቁልፉን ሳያዞር ብዙ ተቀመጠ። እስኪጀምር ጠበቅኩ፤ ለንደንን ይራገማል፣ አሮጌውንም አዲሱንም መንግሥት ያነሣል ብዬ። እኔም አፌ ላይ የመጣ ነገር ነበረኝ፤ ሚስትህን ስላተረፈችልህ ቡልጋሪያዊት ልጅና እንውጣ ስላልክበት ምርጫህ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ዋጥኩት። ሸሚዙን በመሐረቤ ጠረግኩለት፣ ቁልፉን አዞረና ወደ ቤት ነዳ።

አሁንም በየቀኑ በስድስት ተኩል ይሄዳል። ልጅቷ ታጎርሳለች፣ እሱ በሁለት እጁ ሳህኑን ይይዝላታል።